አንድ ወፍ፣ አንድ ቀን፣ 22,197 ዜማ

በ1952 እ.ኤ.አ. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳዋ ኦንታሪዮ፣ ጫካ መሀል በግንድ ቤት የሚኖሩ ሉዊዝ ደ ኪሪሊን ላውረንስ የተባሉ ሴት ገና ወፍ ሳይንጫጫ ወጥተው አንድ ወፍ መከታተል ጀመሩ። ወፉ ሬድ አይድ ቪሪዮ ይባላል። ዓይኑ ቀይ ነው፤ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ 20 ግራም አይሞላም። ሴትዮዋ ዜማ በዜማ እየቆጠሩ ዋሉ። ወፉ አመሻሽ ላይ ዝም ሲል የደረሱበት ድምር 22,197 ነበር።

ላውረንስ ለትዕግሥት እንግዳ አልነበሩም። በ1934 የዲዮን ልጆች፣ ማለትም ከሕፃንነት ዕድሜ በሕይወት ማለፋቸው የታወቀላቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት መንታዎች ሲወለዱ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዋና ነርሳቸው እሳቸው ነበሩ። አምስት አራስ ባንድ ጊዜ ሲያለቅስ የለመደ ጆሮ አንድ ወፍ አያቅተውም።

ግን ይህ ቁጥር የተገዛበትን ዋጋ እንይ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንድ ወፍ። በዚያው ቀን በዚያው ጫካ ሲዘምሩ የዋሉት ሌሎች ወፎች ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። የዚያው የቪሪዮ የማግስቱ ዝማሬም አልተቆጠረም፤ የዓመቱማ አይነሣ።

ደግሞ ስንት ጊዜ ዘመረ የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ራስ የሚያዞረው ስንት ዓይነት ዜማ አለው የሚለው ነው። በሰሜን አሜሪካ ብራውን ትራሸር የሚባል ቡናማ ወፍ አለ። ዶናልድ ክሩድስማና ሊንዳ ፓርከር በ1977 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ትራሸርን የሁለት ሰዓት ያህል ዝማሬ ቀርጸው ከ4,600 በላይ ተከታታይ ዜማዎች አገኙ። እያንዳንዱን ወደ ሥዕል ለውጠው በዓይናቸው አስተያዩ። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ዜማዎች አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምተው ሳይደገሙ የቀሩ ሆኑ። ከዚህ ተነሥተው ወፉ 1,800 አካባቢ የተለያዩ ዜማዎች ሳይኖሩት አይቀርም ብለው ገመቱ።

እነዚያን 4,600 ዜማዎች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ከቀሩት ሁሉ ጋር ላስተያይ የሚል ሰው ቢመጣ ከ10 ሚሊዮን ተኩል በላይ ጥንድ ይጠብቀዋል። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሴኮንድ ብቻ ቢሰጥ፣ ሳይተኛና ሳይበላ አራት ወር ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ ለአንድ ወፍ የሁለት ሰዓት ዝማሬ ነው።

በዓለም ላይ 11,000 ያህል የወፍ ዝርያ አለ። ግማሽ የሚሆኑት ዜማቸውን ይዘው አይወለዱም፤ ከአባትና ከጎረቤት እየሰሙ ይማሩታል። ስለዚህ ዝርያ ቆጥሮ ማረፍ የለም፤ አንዱ ዝርያ ራሱ ከወንዝ ወዲህና ከወንዝ ወዲያ ሊለያይ ይችላል። አበው «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ሲሉ የሚያስቡት ሰውን ነበር። ፒተር ማርለር ግን በ1960ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ተረቱን ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኙት ማለት ይቻላል። ኋይት ክራውንድ ስፓሮው የተባለው ድንቢጥ እንደ ቀዬው የተለያየ ዜማ አለው፤ ጫጩቱ በሕይወቱ የመጀመሪያ ወራት የሰማውን ይዞ ያድጋል። እንግዲህ የወፍ ዝማሬን ብዛት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው 11,000ን በየዝርያው ዘማሪ፣ ያንን በየዘማሪው የዜማ ዓይነት፣ ያንን ደግሞ በየትውልዱ ማባዛት ሊኖርበት ነው። ይህን ማንም ሠርቶ አልጨረሰም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ችግሩ ድምፁን መያዙ ላይ ነበር። የመጀመሪያው የታወቀ የወፍ ድምፅ ቅጂ የ1889 ነው። ሉድቪግ ኮኽ የተባለ ጀርመናዊ የስምንት ዓመት ልጅ የቤቱን ወፍ በሰም ሲሊንደር ላይ ቀረጸው። በ1929 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የዱር ወፍ ለመቅረጽ ሲነሡ የተጠቀሙት ለሲኒማ የተሠራ የድምፅ መሣሪያ ነበር። ዛሬ በእጅ የሚያዝ ሣጥን ግንድ ላይ ታስሮ በባትሪ ይሠራል፤ ሰውየው አስሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሣጥኗ የምታመርተውን እንቁጠር። የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 48,000 ልኬት ነው። በአንድ ቀን 4 ቢሊዮን 147 ሚሊዮን ልኬት ይሆናል፤ ከአንዲት ሣጥን፣ ከአንዲት ዛፍ። በ2019 የተጀመረው የአውስትራሊያ አኮስቲክ ኦብዘርቫቶሪ ደግሞ 400 ያህል መቅረጫዎችን በአህጉሩ ዘርግቶ ለአምስት ዓመት ሌት ተቀን ለመቅረጽ ያቀደ ሥራ ነው። 400 በአምስት ሲባዛ የ2,000 ዓመት ድምፅ ይመጣል፤ በሰዓት 17 ሚሊዮን ተኩል። በቀን ስምንት ሰዓት፣ እሑድንም በዓልንም ሳያከብር የሚያዳምጥ ሠራተኛ ብንቀጥር 6,000 ዓመት ያስፈልገዋል። የአክሱም ሐውልቶች በቆሙበት ዘመን ሥራ የጀመረ ሰው ዛሬ ሲሶውን ገና አላገባደደም።

ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከምሳሌ እንዲማር የሚያደርገው ዘዴ፣ የተጠራው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ብዙ ከሚነሣው አንዱ በርድኔት ይባላል፤ የሠሩት የኮርኔል የወፎች ጥናት ላቦራቶሪና የጀርመኑ ኬምኒትዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በ2021 የወጣው የምርምር ጽሑፋቸው 984 የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ዝርያዎችን የሚለይ፣ 27 ሚሊዮን ያህል የሚስተካከሉ ቁጥሮች ያሉት የኒውራል ኔትወርክ ነበር የገለጸው። በኋላ የወጡት እትሞቹ ከ6,000 በላይ ዝርያ ያውቃሉ።

አሠራሩን የሚያስረዳልኝ የቅርብ ነገር አለ። ማሽኑ ድምፁን እንዳለ አያዳምጥም፤ መጀመሪያ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። በሥዕሉ ላይ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይቀመጣል፤ የሚጎላው ይደምቃል። መሪጌታ በድጓው ፊደላት አናት ላይ ያሉትን ምልክቶች አይቶ ዜማውን እንደሚያወጣ፣ ማሽኑም ከመስመሩ መታጠፍ፣ ከመሰበሩና ከመደጋገሙ ተነሥቶ ዘማሪውን ይገምታል። ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከሦስት አእዋፍ ተማረ የሚል ትውፊት ባለበት አገር፣ የወፍን ድምፅ በምልክት ማንበብ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባም።

በርድኔት ቅጂውን በሦስት በሦስት ሴኮንድ ይቆራርጠዋል። አንድ ቀን 28,800 ቁራጭ ነው። ለእያንዳንዱ ቁራጭ፣ ለሚያውቀው ለእያንዳንዱ ዝርያ «ይህ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነጥብ ይሰጣል። ዝርያዎቹ 6,000 ናቸው ብንል አንዲት ሣጥን በአንድ ቀን ከ172 ሚሊዮን በላይ ፍርድ ትጠይቃለች ማለት ነው። ተራ ኮምፒውተር ይህን ሳያቃስት ይሠራዋል። የሦስት ሴኮንዱ ቁራጭ አጭር መስሎ ከታያችሁ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጫካዎች ያለውን ትንሹን የሬን ወፍ አስቡ፤ በሴኮንድ እስከ 36 ኖታ ይተኩሳል። በዚያች ቁራጭ ውስጥ ከመቶ በላይ ኖታ ይገባል። ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚሰማው እንደ አንድ የተንቀጠቀጠ ድምፅ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ተቀምጧል።

በዚህ መጠን ሲሠራ ትንሽ ስሕተት ትንሽ ሆኖ አይቀርም። ማሽኑ ከሺህ ቁራጭ አንዱን ብቻ ይሳሳታል እንበል፤ የሰው ተማሪ ቢሆን ያስመሰግነው ነበር። ከ28,800 ቁራጭ ግን በየቀኑ 29 ያህል የሌሉ ወፎች ይፈጠራሉ፤ 100 ሣጥን ላለው ሰው በየቀኑ 2,900። ለዚህ መከላከያ በርድኔት ቦታውንና ሳምንቱን መጠየቅ ይችላል፦ በዚህ አካባቢ በዚህ ወቅት ይኖራል ተብሎ የማይታሰበውን ዝርያ ከመልሱ ያወጣዋል። ብልኅ ዘዴ ነው። በእኔ አስተያየት ግን በስልኬ ያለው በርድኔት ነገረኝ ብሎ ብርቅ ወፍ አገኘሁ የሚል ሰው አሁንም ቀና ብሎ ዛፉን ማየት አለበት።

ስም መስጠቱ ይህን ያህል ነው። ይበልጥ የሚገርመኝ ስም የሌለውን ልዩነት መለካቱ ነው። ኦክስፎርድ አጠገብ ዋይታም የሚባል ጫካ አለ። ግሬት ቲት የተባለው ትንሽ ወፍ በዚህ ጫካ ከ1947 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይጠናል። 1,000 ያህል የጎጆ ሣጥኖች ተሰቅለውለታል፤ ብዙዎቹ ወፎች እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው፤ የት እንደተፈለፈሉ፣ ከማን ጋር እንደተጋቡ በመዝገብ ይታወቃል። ተመራማሪዎቹ ከ2020 እስከ 2022 በሦስት ጸደይ ከጎጆዎቹ አጠገብ መቅረጫ አኖሩ። ከ20,000 ሰዓት በላይ ቀረጹ። ከውስጡ 109,963 ዜማዎች ተለቅመው ወጡ፤ የተዘመሩት ከ400 በላይ በሆኑ ወፎች ነው። ዜማዎቹ ወደ ነጠላ ድምፆች ሲበተኑ ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ አለፉ።

አንድ ግሬት ቲት ራሱ የሚያውቀው ጥቂት ዜማ ነው፤ አንድ ብቻ የሚያውቅ አለ፣ ዘጠኝ የሚደርስም አለ። ለትራሸሩ እንደ ፊደል ገበታ ነው። ነገር ግን የጎረቤቱን ዜማ ሲወስድ ፍጥነቱን ትንሽ ይለውጣል፣ አንዱን ድምፅ ያቀጥናል፣ አንዱን ይጥላል። ያ «ትንሽ» ምን ያህል ነው? ጆሮ «ይመሳሰላሉ» ወይም «አይመሳሰሉም» ከማለት አያልፍም፤ ሁለት አድማጭ ደግሞ ላይስማሙ ይችላሉ። እዚህ የተሠለጠነው ማሽን የዝርያ ስም አልተጠየቀም። የአንድ ወፍ አንድ ዜማ ሲደጋገም እንዲቀራረብ፣ የተለየው እንዲራራቅ አድርጎ እያንዳንዱን ዜማ ብዙ አቅጣጫ ባለው ቦታ ላይ እንደ ነጥብ እንዲያስቀምጥ ተማረ። ከዚያ በኋላ መመሳሰል ርቀት ሆነ፤ ርቀት ደግሞ ይለካል። ትራሸሩ ላይ አራት ወር ይፈጅ የነበረው 10 ሚሊዮን ጥንድ የደቂቃዎች ሥራ ይሆናል።

ከተለካው የተነበበው ነገር ተረታችንን የሚያውቅ ሰው ያስፈግጋል። ወፎች ከተወለዱበት ብዙ በማይርቁበት የጫካው ክፍል ሰፈሩ የራሱን ዜማዎች ይዞ ይቆያል። ከውጭ የገቡት የሰፈሩን ዜማ የመውሰድ ዝንባሌ ያሳያሉ፤ እንዳገሯ ትጮኻለች። አንጋፋዎቹ ወጣቶቹ የተዉትን የቆየ ዜማ ይዘው ይኖራሉ። ወፎች በብዛት እየሞቱና በአዲስ እየተተኩ ባሉበት ሰፈር ደግሞ ዜማው ቶሎ ይለወጣል። ሽማግሌ ሲያልቅ ዘፈን ይጠፋል የሚለውን ነገር በቁጥር ያዩት ከ20 ግራም ብዙም በማይከብድ ወፍ ላይ ነው።

ለውጡ ሁልጊዜ በሰፈር ተወስኖ አይቀርም። በካናዳ ኋይት ትሮትድ ስፓሮው የሚባለው ድንቢጥ ዜማውን የሚዘጋው በሦስት በሦስት በተደጋገሙ ኖታዎች ነበር። በምዕራብ ጫፍ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ አንዳንዶቹ በሁለት በሁለት መዝጋት ጀመሩ። ኬን ኦተርና ስኮት ራምዚ የመሯቸው ተመራማሪዎች በ20 ዓመት ውስጥ በተለያዩ ሰዎች የተቀረጹ 1,785 ቅጂዎችን ሰብስበው ሲያዩ፣ አዲሱ አዘጋግ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ አሮጌውን ሲተካ አገኙት። ጥናቱ የወጣው በ2020 ነው። 1,785 ቅጂ ለ20 ዓመትና ለግማሽ አህጉር፤ ከዋይታሙ 110,000 ገደማ ዜማ ለሦስት ጸደይና ለአንድ ጫካ ጋር ሲተያይ፣ የዛሬው ሥራ ወዴት እያመራ እንደሆነ ያሳያል።

ማርሽ ዋርብለር የተባለችው ቡናማ ወፍ ግን ከተረቱም ከማሽኑም ታፈነግጣለች። የአውሮፓን ክረምት የምታሳልፈው በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ነው፤ ስትሄድ በኢትዮጵያ በኩል ታልፋለች። በአውሮፓ በጋ እዚያ ገብታ ትራባለች። ፍራንሷዝ ዳውሴት ለሜር የተባሉት ተመራማሪ ቤልጅየም ውስጥ የወንዶቹን ዝማሬ ቀርጸው፣ ምን ምን እንደሚቀዱ አንድ በአንድ ለዩ። በ1979 ባሳተሙት ጥናት ውጤቱ 212 ዝርያ ነበር፦ 99 የአውሮፓ፣ 113 የአፍሪካ። አንዱ ወፍ በአማካይ የ76 ዝርያ ድምፅ ይዞ ነበር፤ ከግማሽ በላዩ አፍሪካዊ። ቤልጅየም ውስጥ አንድ ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጦ የምሥራቅ አፍሪካን ወፎች በተራ በተራ ያሰማል፤ ትምህርቱን የቀሰመው በመጀመሪያው ዓመቱ፣ በመንገዱ ላይ ነው። እንዳገሯ ከተባለ አገሯ የቱ ነው?

ይህን ሥራ ለዛሬው ማሽን ብንሰጠው ይቸገራል። ቦታውን ቤልጅየም ብለን ከነገርነው አፍሪካዊውን ዝርያ እዚያ የለም ብሎ ያወጣዋል። ካልነገርነው ደግሞ በአንድ የቤልጅየም ማለዳ የደርዘን አፍሪካውያን ወፎች መንጋ ሰፈረ ብሎ ይዘግባል። ሁለቱም መልስ ስሕተት ነው። የሰው ጆሮ ግን የአፍሪካን ወፎች ድምፅ አስታውሶ «ይሄ ከዚያ ነው» አለ። እኔ ከሁሉም ቁጥር ይህን 113 አስበልጣለሁ።

ማሽኑ የሰማውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የሰማውም ሰው ያቀበለውን ነው። ቅጂዎቹ በአብዛኛው ከበጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ፤ ዜኖ ካንቶ በሚባለው፣ በ2005 በተከፈተው የድምፅ ማከማቻ ብቻ ከ10,000 በላይ ዝርያ ይገኛል። ግን አንዱ የአውሮፓ ወፍ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ሲኖረው ሌላው የአፍሪካ ወፍ በጣት የሚቆጠር ነው ያለው። በ2023 የዓለም የማሽን ለርኒንግ ተወዳዳሪዎች በበርድክለፍ ውድድር ከኬንያ በመጣ ቅጂ ላይ 264 ዝርያ እንዲለዩ ተጠይቀው ነበር፤ ፈተናው የከበደበት አንዱ ምክንያት ይኸው የቅጂ እጥረት ነው። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አላት። ያቤሎ አካባቢ ብቻ የሚኖረው ቁራ መሰል ወፍና የአንኮበሯ ዘማሪ ሌላ አገር የሉም፤ ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ሰው ሊቀርጽልን አይችልም።

ከነዚህ ሁሉ የአንዷ ሒሳብ ዜሮ ነው። በ1990 ወደ ነጭ ሣር ሜዳ የሄደ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ቡድን መንገድ ላይ ሞታ የተገኘች፣ በሌሊት የምታድን ናይትጃር የተባለች ወፍ አነሣ። ሊተርፍ የቻለው ክንፏ ብቻ ነበር። ባለሙያዎች ክንፉን ከታወቁት ናይትጃሮች ሁሉ ጋር አመሳክረው ከአንዳቸውም ጋር ስላልገጠመ በ1995 አዲስ ዝርያ ብለው መዘገቧት። ናይትጃሮች ቀን ቅጠል መስለው ይተኛሉ፤ ሌሊት ደግሞ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። ሰው የሚለያቸው በዋናነት በድምፃቸው ነው። የዚች ድምፅ ግን በየማከማቻው የለም። ማሽኑ ስሟን በዝርዝሩ ቢይዝ እንኳ የሚማርበት አንድ ሴኮንድ የለውም።

ሆኖም ያልተሰማን ድምፅ የመፈለጊያ መንገድ አለ። አሥር ሣጥኖች ነጭ ሣር ሜዳ ላይ ለአንድ ዓመት በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢቀርጹ 43,800 ሰዓት ይሆናል፤ በሦስት ሴኮንድ ሲቆረጥ 52 ሚሊዮን 560 ሺህ ቁራጭ። ማሽኑ የሚጠየቀው «እሷ የት አለች?» ተብሎ ሊሆን አይችልም። «ናይትጃር የሚመስለውን ሁሉ ልቀም፤ ከታወቁት አጠገብ የሚወድቀውን ነጥብ አስወግድ፤ የተረፈውን አምጣ» ይባላል። የተረፈው አብዛኛው ፌንጣ፣ እንቁራሪትና የንፋስ ድምፅ ይሆናል፤ እሱን ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል። ከመሀሉ ማንም የማያውቀው ድምፅ ከተገኘ ገና ሥራው አላለቀም፤ አንድ ሰው በዚያ ሜዳ ሌሊት ወጥቶ ወፏን መያዝና ክንፏን እንግሊዝ አገር ሙዚየም ውስጥ ካለው ክንፍ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።